ካራሜል ኬክ፦ ሰባት እሑዶች

መነሻ

መጽሐፉ የጎረቤቴ ነው። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለጣሪያ ማደሻ ገንዘብ ለማሰባሰብ ያሳተሙት፣ ጀርባው በፕላስቲክ ቀለበት የተያያዘ የምግብ አሠራር መጽሐፍ። አብዛኛው ገጽ ንጹሕ ነው። የካራሜል ኬኩ ገጽ ግን ቅቤ ጠጥቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል። የትኛውን መጋገር እንዳለብኝ ለማወቅ ሌላ ምክር አላስፈለገኝም።

ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ከገባን ጀምሮ ግድግዳ እንጋራለን። በፈረንጆቹ ገና ከዚህ ኬክ ልከውልን ነበር፤ እኔና ባለቤቴ በነቢያት ጾም ላይ ስለነበርን የበላችው የስድስት ዓመቷ ልጃችን ብቻ ናት። ስለዚህ ቀምሼው የማላውቀውን ነገር ነው የምሠራው። ያለኝ መመዘኛ የልጄ ምስክርነት ነው፦ «ላዩ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ይቀልጣል።»

ጎረቤቴ አሁን እጃቸውን ቁርጥማት ስለያዘው ድስት ይዘው መምታት አቅቷቸዋል። መጽሐፉን ያዋሱኝ «መልሰው እንጂ» ብለው ነው።

ቀነ ገደቡ ግልጽ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ቅቤና እንቁላል እንደልብ ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። የማታ ሥራዬ የሚያሳርፈኝ እሑድ ብቻ ስለሆነ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ሰባት እሑዶች አሉኝ።

አሠራሩ ዘጠኝ መስመር ነው። አንድ ኩባያ ኦሊዮ፣ ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ሦስት ኩባያ የተነፋ ዱቄት፣ አራት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ «ጣፋጭ ወተት»፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ቫኒላ። በመካከለኛ ኦቨን ይጋገር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ስለሚሄድ አሜሪካኖች በቁጥሩ ይጠሩታል፤ ለማስታወስ ይመቻል። ከላይ የሚቀባው ካራሜል ደግሞ፦ ግማሽ ኩባያ ስኳር አቅልጥ፤ ሁለት ኩባያ ተኩል ስኳርና አንድ ቆርቆሮ ወተት ካለበት ድስት ውስጥ ጨምር፤ እስኪደርስ አብስል፤ ቅቤ አግባበት፤ እስኪበቃው ምታ፤ ፈጥነህ ቀባ።

እስኪደርስ። እስኪበቃው። እነዚህን ሁለት ቃላት ያኔ ሳነብ አልደነገጥሁም።

1ኛ እሑድ (ዳግማይ ትንሣኤ)

«ጣፋጭ ወተት» የሚለውን አይቼ በስኳር የረጋውን የቆርቆሮ ወተት ገዛሁ፤ 3 ዶላር። ኦሊዮ ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ በገበታ ቅቤ ተካሁት። ዱቄቱን በኩባያው ከከረጢቱ እየዛቅሁ፣ በቢላ ጀርባ ደልድዬ ለካሁ፤ ከዚያ ነፋሁት። ኦቨኑን 350 ፋራናይት አደረግሁት፤ 177 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው፣ የድሮ መጻሕፍት መካከለኛ የሚሉት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሲወጣ ላዩ የተቆላ ቡና፣ ውስጡ ሙጫ። ቢላው አልወጣም አለ።

አንዱን ቁራጭ ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ወተቱን ስነግራቸው የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ። ጣፋጭ ወተት ማለት ተራ ወተት ነው። በአሜሪካ ደቡብ ገጠር ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወተት ይቀርብ ስለነበር፣ ያልኮመጠጠውን ከበተርሚልክ ለመለየት ነው እንዲያ የሚሉት። ይህ ለእኔ አስረጂ አያሻውም፤ አያቴም ወተትና አሬራ ትለያለች፣ እንግዳ ሲመጣ የትኛው እንደሚቀርብለትም ታውቃለች። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ እዚህ ሱቅ በተርሚልክ ተብሎ የሚሸጠው ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረው አሬራ አይደለም፤ በባክቴሪያ የኮመጠጠና የወፈረ ወተት ነው። ኦሊዮ ደግሞ ማርጋሪን ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ የጻፉት ርካሽ ስለነበር እንጂ ይሻላል ብለው አይደለም፤ ጎረቤቴ ራሳቸው ቅቤ ነው የሚያስገቡት።

ዱቄቱንም ጠየቁኝ። «ከነፋህ በኋላ ነው የምትለካው ወይስ ለክተህ ነው የምትነፋው?» አሉኝ። ለክቼ ነው የነፋሁት። መጽሐፉ የሚለው «ሦስት ኩባያ የተነፋ ዱቄት» ነው፤ ተነፍቶ፣ እንደተንሳፈፈ፣ በማንኪያ ኩባያ ውስጥ ተበትኖ የተለካ።

በማግስቱ 13 ዶላር አውጥቼ ሚዛን ገዛሁና ሁለቱን መዘንኩ። ተነፍቶ የተለካ ኩባያ 110 ግራም። የተዛቀ ኩባያ 145። በሦስት ኩባያ ሲባዛ ልዩነቱ 105 ግራም፤ አንድ ሙሉ ኩባያ ያህል ትርፍ ዱቄት። ከዚህ በኋላ ኩባያ አልነካሁም።

2ኛ እሑድ

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ በቤቷ ለልደትና ለምርቃት ኬክ እየጋገረች ትሸጣለች። ምክር መጠየቅ ያለብኝ እሷን ነው ብዬ ደወልኩ። ዝርዝሩን ሳነብላት ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ማንኪያማ ያብጥና መሃሉ ይሰምጥብሃል። ግማሹን ተው። እሳቱንም ትንሽ ጨምር።»

ታዘዝኩ። አንድ ማንኪያ ተኩል አስገባሁ፤ ኦቨኑን 370 አደረግሁት። ዱቄት 330 ግራም፣ ስኳር 400፣ ቅቤ 226፣ ወተት 240 ሚሊ ሊትር፤ ሁሉም በሚዛን።

ሦስት ጠፍጣፋ ነገሮች ወጡ። ዳቦ ይሁኑ ብስኩት አይለይም፤ ዳርቻቸው አሯል፣ ውፍረታቸው ሁለት ጣት አይሞላም። ባለቤቴ በሻይ እየነከረች በላችላቸው፤ እግዜር ይስጣት።

ጥፋቱ የእህቴ አይደለም። እሷ ያለችበት ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው፤ እኔ ያለሁበት 300 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ በመሆኑ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ በብዛት ይለጠጣል፤ ሊጡ በሙቀት ጠንክሮ ሳይዘው አረፋው ይፈነዳና ኬኩ መሃሉ ላይ ይሰምጣል። ስለዚህ እዚያ ቤኪንግ ፓውደር ይቀነሳል፣ እሳት ይጨመራል። እዚህ ያንኑ ሳደርግ ሊጡን የሚያነሳው ጠፋ። የእህቴ እጅ የለመደው የእንጦጦን አየር ነው፤ ይህን መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ያረረው ዳርቻ ግን በ370 ብቻ አይመጣም ብዬ ጠረጠርኩ። 7 ዶላር የሚያወጣ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝቼ መደርደሪያው መሃል ሰቀልኩ። ቁልፉ 350 ሲል ውስጡ 380 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ሲያርብኝ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ቁልፉ 320 ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁበት።

3ኛ እሑድ

የዱቄቱ ዓይነት ቀረ። ጎረቤቴ ዋይት ሊሊ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ። ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ፣ መነሻው ኖክስቪል፣ ቴነሲ የሆነ ዱቄት ነው። ከለስላሳ የክረምት ስንዴ ስለሚፈጭ ፕሮቲኑ ከ8 እስከ 9 በመቶ ነው፤ ተራው የአሜሪካ ዱቄት 10 አልፎ እስከ 12 ይደርሳል። ፕሮቲን ሲበዛ ሊጡ ይለጠጣል፤ ለዳቦ ጥሩ፣ ለኬክ ጠር። ጣት መሃል ስታሹት እንደ ሕፃናት ፓውደር ይንሸራተታል።

ገዛሁ፣ ጋገርኩ፣ ኦቨኑ ውስጥ ገነፈለ። ከመጋገሪያዎቹ አፍ ወጥቶ የኦቨኑን ወለል አለበሰው፤ ጭስ ጠቋሚው ጮኸ፤ ልጄ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ከረጢቱን አንስቼ ሳነብ ራሱን የሚያነሳ የሚባለውን ገዝቼ ኖሯል። ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ከፋብሪካው ተቀላቅለውበታል፤ በኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ገደማ። ሦስት ኩባያ ላይ አራት ተኩል፣ የኔ ሦስት ሲጨመር ሰባት ተኩል። ጨውም ሁለት ጊዜ። ከረጢቱ ላይ ጉልህ ሆኖ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ኦቨኑን አቀዝቅዤ፣ ጠርጌ፣ ተራውን ዋይት ሊሊ ገዝቼ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና።

በዚህኛው ለቅቤው ጊዜ ሰጠሁት። የግንቦት ወጥ ቤታችን 27 ሴንቲግሬድ ነው፤ እዚያ የዋለ ቅቤ ይላላል እንጂ አየር አይዝም። ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሃያ ደቂቃ ብቻ አቆየሁት፤ ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ፣ ግን የማይወዛ። ከስኳሩ ጋር ስድስት ደቂቃ በማሽን መታሁት፤ ቢጫው ነጣ፣ መጠኑ ጨመረ። እንቁላሎቹን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሞቅሁና አንድ በአንድ አስገባሁ። በቀደሙት ሁለት ጊዜያት ቀዝቃዛ እንቁላል ስጥልበት ቅቤው እንደ አይብ ተቋጥሮብኝ ነበር። ዱቄቱን በሦስት፣ ወተቱን በሁለት ዙር እያፈራረቅሁ ጨመርኩ፤ መጨረሻውን በማማሰያ።

25 ደቂቃ። ስቴኪኒ ስወጋው ሁለት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ወጣ። ሦስቱም እኩል ተነስተዋል፤ መሃላቸውን ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። ቀዝቅዞ ሲቆረጥ ቀዳዳው ደቃቅ፣ ቀለሙ የዶሮ ጫጩት። ጠቅልዬ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ አስገባሁ። ከዚህ ወዲያ ጦርነቱ ከካራሜሉ ጋር ነው።

4ኛ እሑድ

የመጀመሪያው ካራሜል። ጎረቤቴ የብረት መጥበሻቸውን አዋሱኝ፤ የሎጅ ነው፣ ሳውዝ ፒትስበርግ፣ ቴነሲ ውስጥ ከ1896 ጀምሮ ብረት እያፈሰሰ ያለ ፋብሪካ። መጥበሻው ግሩም ነው። ግን ጥቁር ነው፤ በጥቁር ብረት ላይ ስኳር ከማር ቀለም ወደ ቡና ቀለም ሲያልፍ ጀማሪ ዓይን አይለየውም። ሽታው ሲደርሰኝ አርሯል። ስኳሩን ጣልኩና በሚያብረቀርቅ የብረት ድስት ጀመርኩ። እዚያ ላይ ሁሉም ይታያል፦ ዳርቻው ይረጥባል፣ ይቀልጣል፣ ገለባ፣ ማር፣ ከዚያ የጠጅ ቀለም። እዚህ ላይ ይወርዳል። ከዚህ ቢያልፍ ይመራል።

የቀለጠውን ስኳር ቀዝቃዛ ወተት ላይ ገለበጥሁት። ተንጨረጨረ፣ ተረጨ፣ አንጓዬ ላይ አንድ ጠብታ ዐረፈችብኝ፤ የቀለጠ ስኳር ሙቀቱ ከፈላ ውሃ እጅግ ይበልጣል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ድስቱ ስር ደግሞ መስተዋት የመሰለ ግግር ተቀመጠ። በማማሰያ ብፈልጠው አልፈልጥ አለ። ጣልኩት።

ሁለተኛው፣ በዚያው ቀን። ወተቱን ከስኳሩና ከቅቤው ጋር አስቀድሜ አሞቅሁ፤ የቀለጠውን ስኳር በቀጭኑ አፈሰስኩበት። ያለምንም ግግር ተዋሃደ። ድስቱም አምስት ሊትር የሚይዝ ነበር፤ ሲፈላ ሦስት እጥፍ ስለሚወጣ ከዚህ ያነሰ አይበቃም። «እስኪደርስ» የሚለውን ለማወቅ 14 ዶላር የከረሜላ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። ስኳር የበሰለበት ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለስላሳ ኳስ የሚሆነው ከ112 እስከ 116 ሴንቲግሬድ ነው። 114 ላይ አወረድኩት። ወዲያውኑ በማሽን መምታት ጀመርኩ።

አሸዋ ሆነ። እውነተኛ፣ ጥርስ የሚፈጭ አሸዋ።

ሁለት ስህተት ነው። አንደኛ፣ እየፈላ ሳለ ማማሰሌን አላቆምኩም፤ የድስቱ ግድግዳ ላይ የደረቀ ስኳር ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ አንዲት ቅንጣት ሌሎቹን ሁሉ ትጠራለች። ሁለተኛ፣ ትኩሱን ነው የመታሁት። በትኩስነቱ ሲመታ ትልልቅ ቅንጣት ይፈጥራል፤ 43 ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ሳይነካ ቀዝቅዞ ሲመታ ግን ምላስ የማይለየው ደቃቅ ይሆናል።

ማታ ለእህቴ ሁሉንም ጻፍኩላት። 114 የሚለውን ቁጥርም።

5ኛ እሑድ

ሦስተኛው። መፍላት እንደጀመረ ሦስት ደቂቃ ክዳን ገጠምኩበት፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያጥበዋል። ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ። ግን ፈራሁና 108 ላይ አወረድኩት። ከበረዶ ባወጣሁት ኬክ ላይ ስቀባው ያምራል፤ አንጸባራቂ፣ ለስላሳ። ቡና እስክናፈላ ድረስ ግማሹ ሳህኑ ላይ ወርዶ ተኝቷል። ልጄ ከሳህኑ እየላሰች «ቀጭ አይልም» አለች። ፈራጇ ጥብቅ ናት።

አራተኛው፣ ከሰዓት። ዝናብ ይዘንባል፤ መስኮቱ ላብ አውጥቷል። 114 ደረስኩ፣ አቀዘቀዝሁ፣ መታሁ፣ መታሁ፣ አይያዝም። የደቡብ ሴቶች በዝናብ ቀን ከረሜላ አትሥሩ የሚሉት ለካ ተረት አይደለም። ስኳር እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ሁለት ዲግሪ ጨምሮ ማብሰል ያሻል። መልሼ እሳት ላይ ጣድኩት፤ በዚህም አደረቅሁት። ከድስቱ ውስጥ በቢላ ቆራርጠን እንደ ከረሜላ በላነው። ክፉ አይባልም፤ ኬክ ግን አይደለም።

በዚያው ምሽት የእህቴ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ ድንጋይ ሆነብኝ! ድስቱ ከነማማሰያው ቀረ!»

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። እሷ ስለ ቤኪንግ ፓውደር የሰጠችኝ ምክር የኔን እንዳበላሸው፣ እኔ የሰጠኋት ቁጥር የሷን አበላሸ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እዚህ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ስሞክረው 99 ይላል። ካራሜሉ ውስጥ የሚፈላው ያው ውሃ ነው። ስለዚህ እሷ ቤት 114 ላይ የደረሰ ድስት ውሃው ከእኔው በጣም የተመጠጠ ነው፤ ጠንካራ ኳስ ደረጃ ላይ ደርሷል። መያዝ ያለበት ቁጥሩ ሳይሆን ርቀቱ ነው፦ በየቤትህ ውሃ ከሚፈላበት 15 ዲግሪ በላይ። ለኮተቤ 107። ጻፍኩላት። የድስት ካሣ ጠየቀችኝ።

6ኛ እሑድ

ጎረቤቴን ወጥ ቤታችን አስጠራኋቸው። ወንበር አቀረብንላቸው፤ አልተቀመጡም።

ቴርሞሜትሩን ድስቱ ላይ ሳንጠለጥል አዩት፣ ምንም አላሉም። እሳቱን ከኔ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጠየቁና አጠገባቸው አስቀምጠው ወደ ድስቱ ሳይሆን ወደ መስኮቱ እያዩ ቆሙ። እያዳመጡ ነበር። መጀመሪያ የሚሰማው ችኩልና ቀጭን መንፈቅፈቅ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይወፍራል፣ ይዘገያል፣ ገንፎ ሲፈነዳ የሚያወጣውን ዓይነት «ፗ» ማለት ይጀምራል። ያኔ ማንኪያ ነከሩና አንድ ጠብታ ብርጭቆው ውስጥ ጣሉ። ጠብታው ክር ሳያበጅ ወረደ። በሁለት ጣት ከስሩ አነሱት፤ ለስላሳ ኳስ ሆኖ ቆየ፣ መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። «አሁን» አሉ።

ቴርሞሜትሩን አየሁ። 238 ፋራናይት፤ 114 ሴንቲግሬድ ከትንሽ ነገር።

መጽሐፉ ውስጥ ይህ ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቅኋቸው። «የማያውቀው ማን አለና ይጻፋል?» አሉ፤ አንባቢዋ እናቷ ጉያ ቆማ ያየችው ነገር ነውና። ይህ የደቡብ መጻሕፍት ሁሉ ጠባይ ይመስለኛል። አቢ ፊሸር በባርነት የኖረች፣ ከአላባማዋ ሞቢል ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሄደች ሴት ናት፤ በ1881 እ.ኤ.አ. የምግብ መጽሐፍ ስታሳትም ማንበብና መጻፍ ስለማትችል በቃሏ ነው ያስጻፈችው። ጆሮና ጣት የሚያውቁት ነገር በቃል ሲነገርም፣ በጽሑፍ ሲሰፍርም የሆነ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። የእናቴን በርበሬ አሠራር ለመጻፍ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ግማሹ «ልክ ሲሆን» ነው።

ካራሜሉ ድስቱ ውስጥ ቀዘቀዘ። መምታቱ የኔ ሆነ፤ እሳቸው ከጎኔ። በማሽን አይሆንም አሉ፤ ማሽን ቶሎ ያደርሰውና ልብ ሳትለው ያልፍሃል። በእንጨት ማማሰያ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ፤ ክንዴ ዛለ። «አንጸባራቂውን እይ፣ ሌላውን ተወው» አሉኝ። መጀመሪያ የመብራቱ አምፖል ካራሜሉ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ የአምፖሉ ጠርዝ ደበዘዘ። ከዚያ አምፖሉ ጠፋና ደብዘዝ ያለ ነጭ ነገር ብቻ ቀረ። «ቀባ!» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለቱን ደርብ ቀባሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ማንኪያው ስር ጠጠረብኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጣል አደረጉበትና ለሰለሰ፤ ግን ጎኑ ላይ እንደ ጭቃ ምርጊት የእጄ አሻራ ቀረ። «ይበላል» ብለው ትልቁን ቁራጭ ይዘው ሄዱ።

እኔም ቀመስኩት። ልጄ የምትለው ነገር በእርግጥ አለ፤ ላዩ ይሰበራል፣ ሥሩ ይቀልጣል። መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ ትንሽ ምሬት ጣፋጩን ትይዘዋለች። ያቺ የጠጅ ቀለም ላይ የወረደችው ግማሽ ኩባያ ስኳር ናት።

7ኛ እሑድ (ጰራቅሊጦስ)

ከቅዳሴ መልስ ጀመርኩ። ደርቦቹን ቅዳሜ ሌሊት ከሥራ ስገባ ጋግሬ አሳድሬያቸዋለሁ። የለወጥኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመምታቴ በፊት ኬኩን፣ ቢላውን፣ የፈላ ውሃውን፣ ሁሉንም በተራ ደረደርኩ። ሁለተኛ፣ የታችኛውን ደርብ የመጋገሪያ ወረቀት ቁርጥራጮች ላይ አስቀመጥኩ፤ የፈሰሰው ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ሲሳብ ሳህኑ ንጹሕ ይሆናል። ሦስተኛ፣ አምፖሉ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ጠርዙ እንደደበዘዘ ነው መቀባት የጀመርኩት። ቀሪውን ኬኩ ላይ ይጨርሳል።

በዚህ ሁሉ መሃል ባለቤቴ ድስቱን ሞቅ ባለ ውሃ በተሞላ ሌላ ድስት ላይ ይዛልኝ ቆመች። ለሦስተኛው ደርብ የደረሰው እሷ በመያዟ ነው። ይህ መጽሐፉም ውስጥ የለም፣ ጎረቤቴም አላሉትም፤ የሷ ብልሃት ነው።

አንድ ጎኑ ትንሽ ወፍሯል። ሌላው ደህና ነው። ልጄ በማንኪያ ጀርባ ላዩን መታ መታ አደረገችና ቀጭ ሲል ወደኔ ዞረች። በልታ ስትጨርስ «የሳቸው ይበልጣል፣ ግን ይሄም ነው» አለች። ግማሹን ወደ ጎረቤት ወሰድነው፤ ከመጽሐፉ ጋር።

ወጪ፦ ሦስት መጋገሪያ 27፣ ሚዛን 13፣ የኦቨን ቴርሞሜትር 7፣ የከረሜላ ቴርሞሜትር 14፣ ስድስት ዙር ኬክ በ8 ሂሳብ 48፣ ስድስት ዙር ካራሜል በ6 ሂሳብ 36፣ ያቺ በስህተት የተገዛች ወተት 3። ድምሩ 148 ዶላር። ያረረው የጎረቤቴ መጥበሻ በጨው ተፈግፍጎና ዘይት ተቀብቶ ተመልሷል፤ ምንም አልሆነም።

ማታ እህቴ ፎቶ ላከች። ካራሜሉን 107 ላይ አውርዳዋለች፤ ልክ ነው፣ ተይዟል፣ ያበራል። ኬኩ ግን ቤኪንግ ፓውደሩ ተቀንሶም መሃሉ ሰምጧል፤ ጉድጓዱን በካራሜል ሞልታ ከላይ ደልድላዋለች፣ ፎቶው ላይ አይታወቅም። ቀጥሎ ስኳሩን በኩባያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሳ፣ ወተቱን ትንሽ ጨምራ ትሞክራለች፤ ስኳር ሲበዛ ሊጡ ቶሎ አይጠነክርም። ነገ ጾም ስለሚገባ የጾም ኬክ ትእዛዝ ይዛለች። የካራሜሉ ቀጣይ ሙከራ ከሐምሌ 5 በኋላ ነው፤ ኮተቤ፣ በአዲስ ድስት። ድስቱን የምልከው እኔ ነኝ።